የእናትሽ የምርመራ ውጤት

የካ አባዶ፣ ግንቦት 2008 ዓ.ም.

ለምወድሽ ልጄ ዮዳሄ፣ ሰላምታዬ እስከ ሐዋሳ በደህና ይድረስሽ። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን በርትተናል።

ከእናትሽ ጡት በቀዶ ጥገና የወጣው እብጠት ውጤት ማክሰኞ ደረሰ፤ የፈራነው ካንሰር ሆኖ ተገኘ። እናትሽ ግን አላለቀሰችም። «እስቲ አሳዩኝ» አለች። እብጠቱን የመረመረችው ዶክተር ፌበንም ማይክሮስኮፑ ጋ አስቀምጣ ካንሰሩን አሳየቻት።

«እነዚህ ዙሪያውን የከበቡት ጥቃቅን ነገሮች ምንድን ናቸው?» አለች እናትሽ።

«የራስዎ ነጭ የደም ሴሎች ናቸው፤ ካንሰሩን ሊዋጉ ገብተዋል። በእርስዎ ዓይነት ካንሰር እንዲህ ሲበዙ ተስፋው ጥሩ ነው።»

እናትሽ ሳቀች። «እኔ ሳላውቅ ይህን ያህል ሲለፉልኝ ኖረዋል?»

በአውቶቡስ ስንመለስም ልጅ ላዘለች ሴት ወንበሯን ለቀቀች። ሠላሳ አምስት ዓመት አብሬያት ኖሬ ያን ቀን እንደ አዲስ አደነቅኋት።

ዶክተሯ በቤተሰብ የታመመ አለ ወይ ብላ ጠይቃን ነበር። እናትሽ እህቷ አፀደ በሠላሳ ስድስት ዓመቷ በዚሁ በሽታ እንዳረፈች ነገረቻት። «ሴት ልጅስ አላችሁ?» አለችን። «አለችን፤ ሐዋሳ አስተማሪ ናት» አልኩ ኮራ ብዬ። ዕድሜሽን ጠይቃ ጻፈች።

ክረምቱን አትጠብቂ ልጄ። ርዕሰ መምህሩን አስፈቅጂና በዚህ ሳምንት ነይ። ዶክተሯም ልታይሽ ትፈልጋለች።

እናትሽ ጉንጭሽን ትስማለች። እግዚአብሔር ከክፉ ሁሉ ይጠብቅሽ።

አባትሽ በዳዳ