ያወረድኩት ባንዲራ

ውድ ልጄ አምብሮስ፣

«እንደምን ከርመሃል?» ብዬ ልጀምር አልኩና እጄ እምቢ አለኝ። እንዲሁ ወደ ጉዳዬ ልግባ። ዛሬ እናትህን ይዤ ግንቡ ላይ ወጥቼ ነበር።

ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ኮረብታው አናት ላይ ካለው ከዚያ ግንብ ሆኜ የሚመጡ መርከቦችን ስጠብቅ፣ እሷ አንድ ቀን እንኳ መጥታ አታውቅም። «አንተ እዚያ ተሰቅለህ ዋል፤ እኔ ባንዲራውን ከመስኮቴ አየዋለሁ» ትለኝ ነበር። መርከብ ስትታይ የባለንብረቷን ነጋዴ ባንዲራ እሰቅላለሁ፤ የመርከበኞቹ ቤተሰቦችም ያንን አይተው ድስት ይጥዳሉ። አንተም መርከብ ላይ የተቀጠርክ ዕለት «አባዬ፣ የኛን ቶሎ ስቀለው፤ እማ ከዓሣ ጋር የምበላውን ደረቅ ዳቦ ቀድማ እንድትዘፈዝፍልኝ» ብለኸኝ ነበር።

መርከባችሁ «ኮራሊን» ዓሣ ጭና ፖርቱጋል ስትሄድ ለገና እንመለሳለን ብላችሁ ነበር። ገና አለፈ። ጥርም የካቲትም አለፉ።

በመጋቢት አንድ ጠዋት ጉሙ ገለጥ ሲል ባለሁለት ምሰሶ መርከብ አየሁ። ለማንም ያልነገርኩትን ላንተ ልንገርህ። ሰው ሁሉ ጉሙ አሳስቶኝ ይመስለዋል። አላሳሳተኝም። የ«ኮራሊን» የፊት ምሰሶ ጫፉ ነጭ ነው፤ የዚያችኛዋ ጥቁር ነበር። በቴሌስኮፑ አጥርቼ አይቼዋለሁ። አይቼም ባንዲራችሁን ሰቀልኩት። ምን እንደነካኝ እንጃ፤ አንዴ ከተሰቀለ ባሕሩን ይሉኝታ የሚይዘው መሰለኝ።

የስድስታችሁም ቤት ሴቶች ወደ ወደቡ ሮጡ። እናትህ የጫማዋን ማሰሪያ እንኳ አላሰረችም። ከላይ ሆኜ ሲጓተቱና ሲሳሳቁ አያቸው ነበር። ከዚያ መርከቧ ገባች፤ የሌላ አገር መርከብ። በደንባችን አንዴ የወጣ ባንዲራ መርከቧ ወደቡ ላይ ሳትታሰር አይወርድም፤ እኔ ግን ሁሉም ቀና ብለው እያዩኝ አወረድኩት። በማግስቱ ሥራዬን ለቀቅኩ። አንዳቸውም ክፉ ቃል አልተናገሩኝም። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

እናትህ ከዚያን ቀን ጀምሮ ምግቤን ታቀርብልኛለች እንጂ አታናግረኝም። ዛሬ እሑድ፣ ባርኔጣዋን አድርጋ በሩ ላይ ቆመችና «ግንቡ ላይ ውሰደኝ» አለችኝ። በአራት ወር የሰማሁት የመጀመሪያ ቃሏ ነው።

እኔን የተካው ሊያንደር ደረጃው አፍ ላይ ተቀበለን። «አጎቴ ኢላይ! ሥራ ስትለቅ ነው እንዴ ሚስትህን የምታሳየን?» ብሎ ሳቀ። ፊቷን ሲያይ ቆቡን አወለቀ።

ቴሌስኮፑን ቢያቀርብላት አልፈለገችም። ባንዲራዎቹ ተጣጥፈው የተቀመጡባቸውን ሳጥኖች ስታይ ቆየችና «የልጄ የቱ ነው?» አለች። አሳየኋት። አቧራውን በመዳፏ ጠረገችለት። አሁን ለምን ሰቀልከው ልትለኝ ነው ብዬ ስለ ጥቁሩ ምሰሶ ልናዘዝላት፣ እግሯ ላይም ልወድቅ ተዘጋጀሁ።

«ለምን አወረድከው?» አለችኝ።

«ዶርካስ፣ መርከቧ እኮ የነሱ አልነበረችም።»

«እሱንማ አየሁ፤ ዓይን አለኝ። እኔ የምጠይቅህ ለምን አወረድከው ነው።»

ሊያንደር ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። ስንወርድ ደረጃው አዳለጣት፤ ክንዴን ብዘረጋላት ግድግዳውን ያዘች።

ልጄ፣ እኔ ያጠፋሁት ባንዲራውን መስቀሌ ነው ብዬ ስንት ቀን ራሴን በላሁ። ለካ እሷ እስካወርደው ድረስ ልጅ ነበራት።

ነገ ሊያንደርን አስፈቅጄ ይህን ደብዳቤ ባንዲራህ እጥፋት ውስጥ አስቀምጠዋለሁ። ባለንብረቱ ከ«ኮራሊን» ሌላ መርከብ ስለሌለው ባንዲራው ከዚያ ሳጥን እንደማይወጣ አውቃለሁ፤ እዚያ የማኖረውም ማንም እንዳያነበው ነው። አሁን ይህን ስጽፍ እናትህ ከጀርባዬ ለነገ ደረቅ ዳቦ እየዘፈዘፈች ነው። ቆጠርኩት፤ የሦስት ሰው ነው።

ባንዲራህን ያወረደው አባትህ፣
ኢላይ
ሴንት ጆንስ