የጋሽ ቀጥል ዕረፍትና የአራት ቁጥር ክፍል መቀጠልን በተመለከተ

የፒያኖ መምህራችንና ያለ ኖታ የመጫወት ክፍል መሥራች፣ በተማሪዎቻቸውና በባልደረቦቻቸው ዘንድ «ጋሽ ቀጥል» እየተባሉ የሚጠሩት ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት ባለቤታቸውና ልጃቸው ባሉበት፣ በመኖሪያ ቤታቸው፣ በእንቅልፍ ላይ ሳሉ ማረፋቸውን ለትምህርት ቤታችን ሠራተኞች፣ ለተማሪዎችና ለወላጆች በታላቅ ሐዘን እናስታውቃለን።

ሐዘናችን ጥልቅ ነው። ይሁን እንጂ ከሐዘኑ ጋር እፎይታ አልተሰማንም ብንል ዋሽተናል፤ እርሳቸውም ውሸት አይወዱም ነበር። ለሁለት ዓመት ያሠቃያቸው የሳንባ ሕመም አብቅቷል። ከሕመሙ ይበልጥ እንቅልፍ ይነሳቸው የነበረው ሥጋት፣ ማለትም ክፍሉ አብሯቸው ይቀበራል የሚለው ሥጋት፣ በሕይወት ሳሉ ተወግዷል። ስለዚህ ይህ መግለጫ ስለ ሁለቱም ይናገራል።

መምህራችን በ1968 ዓ.ም. ወደ ትምህርት ቤታችን የመጡት በመምህርነት ሳይሆን በዳንስ ክፍል የፒያኖ አጃቢነት ነው። ብዙ ተማሪዎች ቅጽል ስማቸው እነርሱን «ቀጥል! ቀጥዪ!» ከማለታቸው የመጣ ይመስላቸዋል። ስሕተት ነው፤ በዚህ አጋጣሚ ይታረም። ስሙን ያወጡላቸው ዛሬ በጡረታ ላይ የሚገኙት የዳንስ መምህርት ናቸው። የኖታው ገጽ ያልቃል፤ ልምምዱ ግን አላለቀም። መምህርቷ ወለሉን በዘንጋቸው እየደበደቡ «አንተ ልጅ፣ ዳንሰኞቹ እግራቸውን አንሥተው ቆመዋል እኮ፤ ቀጥል!» ይላሉ። ወጣቱ አጃቢም ያለቀውን ሙዚቃ በዚያው ሚዛንና በዚያው የድሮ ወግ፣ መጋጠሚያው ሳይታወቅ፣ እዚያው እየፈጠሩ ይቀጥላሉ። ጥበቡን የተማሩት ከመጽሐፍ ሳይሆን በአየር ላይ የቀረ የሰው እግር እያስጨነቃቸው ነው። የዳንስ መምህርቷ ትናንት በስልክ እንዲህ ብለውናል፦ «ኖታው የቱ ጋ እንዳለቀ በጆሮዬ ለይቼ አላውቅም። ገጽ መግለጡን ሲተው ነበር የሚገባኝ።»

በ1979 ዓ.ም. መምህራችን ይህንኑ ለሌሎች ለማስተማር አራት ቁጥር ክፍልን ተረከቡ። ከወንበር ማከማቻው አጠገብ ያለ ጠባብ ክፍል ነው። ሁለት ፒያኖዎች ጎን ለጎን ስለቆሙበት በሩ እኩሌታውን ብቻ ይከፈታል፤ ወፈር ያለ ሰው በጎኑ ይገባል። እርሳቸውም በጎናቸው ይገቡ ነበር።

የማስተማር ዘዴያቸው ይህ ነበር። በአንደኛው ፒያኖ ባሱን፣ ማለትም ከታች የሚሄደውን መሠረት፣ ራሳቸው በግራ እጃቸው ይሰጣሉ። ተማሪው በሌላው ፒያኖ ከላይ ዜማ ይሠራበታል። የመጀመሪያው ዓመት በሙሉ የሚያልፈው ማረፊያን፣ ማለትም ሙዚቃው እንዴት ተዘግቶ እንደሚያበቃ፣ በመማር ነው። የቸኮሉ ተማሪዎች ሲያጉረመርሙ «ፍሬን ለማያውቅ ሰው መሪ አላስጨብጥም» ይሉ ነበር። በሁለተኛው ዓመት ባሱ ደረጃ በደረጃ ሲወጣና ሲወርድ መከተል ይመጣል። ሚኑዌት የተባለው አጭር የዳንስ ሙዚቃ፣ ዜማውንም እየለዋወጡ መጫወት፣ ከዚያ በኋላ ነው።

ስለ ስሕተት የነበራቸው ሕግ አንድ ብቻ ነው። ተማሪው ያላሰበውን ኖታ ቢመታ መመለስም ሆነ ይቅርታ መጠየቅ አይፈቀድለትም። ያንኑ ኖታ ደግሞ ይመታዋል፤ ሲደገም ጭብጥ ይሆናል። ይህንንም «ካፈርኩ አይመልሰኝ» በሚለው አባባል ያስተምሩ ነበር። የቲዎሪ ክፍላችን አባባሉ ለመልካም ነገር የሚጠቀስ አይደለም ሲል ተቃውሞ አቅርቧል። ተቃውሞው ዛሬም ትክክል ነው። ተማሪዎቹ ግን ከሁሉ አስቀድመው የሚያስታውሱት አባባሉን ነው።

በ1991 ዓ.ም. በመጨረሻው ፈተና ላይ፣ «የፋርማሲስቱ ልጅ» እያልን የምንጠራት ተማሪ ምንም እንከን ያልተገኘበት ሚኑዌት ተጫወተች። ፈታኞች ሙሉ ነጥብ ሊሰጧት ብዕር አንሥተው ሳለ መምህራችን «በጣም ያምራል። ግን ከቤቷ ይዛው ነው የመጣችው» አሉ። እውነት ነበር። አስቀድማ አዘጋጅታ በቃሏ ያጠናችውን ሙዚቃ እዚያው እንደ ፈጠረችው አድርጋ አቅርባ ነበር። እንዲህ ዓይነቱ ማታለል በዚህ ክፍል ብቻ የሚሠራ ጥፋት ነው፤ በሌላ ክፍል አጥንቶ መምጣት ያስመሰግናል። የፈታኞቹ ጉባኤ እንድትባረር ወሰነ። መምህራችን ግን «ልጄ፣ ነይ ቁጭ በዪ፤ ባሱን እኔ እሰጥሻለሁ» ብለው እንደ አዲስ አስጀመሯት። እየተደናቀፈች፣ እንባዋ ቁልፎቹ ላይ እየወረደ ተጫወተች፤ አላቋረጠችም። ዝቅተኛውን የማለፊያ ነጥብ ሰጥተው አሳለፏት። ከዚያ ዓመት ጀምሮ ተፈታኙ ባሱን የሚሰማው ፒያኖው ላይ ከተቀመጠ በኋላ ብቻ እንዲሆን ተደነገገ። የፋርማሲስቱ ልጅ ዛሬ የትምህርት ቤታችን መምህርት ናት።

ባለፈው ዓመት መምህራችን ደረጃ መውጣት ሲያቅታቸው አስተዳደሩ ክፍሉን ለመዝጋት ሐሳብ አቀረበ። ምክንያቱ ቀላል አልነበረም፤ ክፍሉ መማሪያ መጽሐፍ የለውም፤ ያለው አንድ ሰው ብቻ ነው። መምህራችን መጽሐፍ እንዲጽፉ በተደጋጋሚ ተለምነው «ከጻፍኩት ያጠኑታል» በማለት እምቢ ብለዋል። በመጨረሻም ስምምነት ላይ ተደረሰ፦ እርሳቸው አንድም ቀን ያላስተማሩት ተማሪ በዓመቱ መጨረሻ በአዳራሹ በታዳሚ ፊት የሚሰጠውን ፈተና ካለፈ ክፍሉ ይቀጥላል፤ ካላለፈ ይዘጋል። ማስተማሩን ያቺው የፋርማሲስቱ ልጅ፣ የዛሬዋ መምህርት፣ ተረከበች። ባለቤታቸው እንደሚሉት፣ ከዚያን ቀን አንሥቶ በትራስ ተደግፈው ተቀምጠው ከማንጎላጀት በቀር እንቅልፍ የሚባል አልነበራቸውም። «ሕመሙ አይደለም፤ ክፍሉ ነው» ብለውናል።

ፈተናው የተካሄደው ከማረፋቸው በፊት በነበረው ቅዳሜ ነው። ተፈታኟ ቀን ቀን የጥርስ ሐኪም ሆና የምትሠራ፣ በማታው ክፍል የምትማር ሴት ነበረች። ወደ መድረኩ ስትወጣ «መቶ መንጋጋ ብነቅል እንዲህ አልንቀጠቀጥም» ማለቷን የፊተኛው ረድፍ በሙሉ ሰምቷል። ወደ መምህራችን ቤት ስልክ ተደውሎ ድምፁ ለአዳራሹ እንዲሰማ ሆኖ ፒያኖው ላይ ተቀመጠ። መምህራችን ከአልጋቸው ሆነው፣ ትንፋሻቸው እየተቆራረጠ፣ ባሱን አንጎራጎሩት። መምህርቷ በሁለተኛው ፒያኖ ተቀብላ መጫወት ጀመረች፤ ሐኪሟም ገባችበት።

ብዙም ሳይቆይ ሐኪሟ ፈጽሞ ቦታው ያልሆነ ኖታ መታች። እጇን አነሣች። ተፈታኝን መርዳት ክልክል ስለሆነ «ቀጥዪ» የሚል አልነበረም፤ መምህርቷም ዓይኗን ከቁልፎቹ ሳታነሣ ባሱን ብቻ መጫወቷን ቀጠለች። ባሱ ዞሮ እዚያው ቦታ ሲደርስ ሐኪሟ ያንኑ ኖታ ደግማ መታችው። በሦስተኛው ዙር ኖታው የዜማው አናት ሆነ። ከዚያ በኋላ ያለውን ሁሉ በእርሱ ላይ ገንብታ በሥርዓት ወደ ማረፊያው አደረሰችው።

ከስልኩ ግን ምንም ድምፅ አልመጣም። መምህርቷ ጎንበስ ብላ «ጋሼ? ሰምተዋል?» አለች። ደግማ ጠራች። ያን ጊዜ የሁላችንም ልብ ምን እንዳሰበ መጻፍ አያስፈልግም። የባለቤታቸው ድምፅ መጣ፦ «ኧረ ቀስ በሉ፣ ተኝቷል! ስትደግመው ጊዜ ‹ካፈርኩ አይመልሰኝ አለች!› ብሎ ሳቀ። ‹በቃ፣ እኔ ልተኛ› አለና ጋደም አለ። መጨረሻውን አልሰማም።» አዳራሹ በሳቅና በጭብጨባ ተናወጠ፤ ባለቤታቸው በስልክ «ዝም በሉ እንጂ፣ ትቀሰቅሱታላችሁ!» እያሉ ይቆጡ ነበር። ፈታኞች በሙሉ ድምፅ አሳለፏት። እሑድ ሲነቁ ውጤቱን ልጃቸው ነግራቸዋለች። «ማለፏንማ ቅዳሜ ሰምቻለሁ» ብለው ተመልሰው ተኝተዋል።

የመታሰቢያ ሥነ ሥርዓቱ በመጪው ቅዳሜ ጠዋት በትምህርት ቤቱ አዳራሽ ይከናወናል። በቤተሰቡ ፈቃድ ተዘጋጅቶ የመጣ ሙዚቃ አይቀርብም። ባሱን ልጃቸው ትሰጣለች፤ መጫወት የሚፈልግ የቀድሞም ሆነ የአሁን ተማሪ ተራውን ጠብቆ ይቀመጣል። ኖታ ይዞ የመጣ በሩ ላይ ያስቀምጥ። ታዳሚዎች ቦታው ያልሆነ ኖታ ቢሰሙ ፊታቸውን ሳያጨማድዱ እስኪደገም እንዲታገሡ በትሕትና እናሳስባለን።

በሁለት ዓመት ሕመም ከአጠገባቸው ላልተለዩት ባለቤታቸው፣ ለልጃቸው፣ ዘንጋቸውን ዛሬም ላልጣሉት የዳንስ መምህርት፣ ለባልደረቦቻቸውና በዚያ ጠባብ በር በጎናቸው ለገቡ ተማሪዎቻቸው ሁሉ ትምህርት ቤቱ ልባዊ መጽናናትን ይመኛል። ስለ ማረፊያ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲቆጡን የኖሩት መምህር የመጨረሻውን ማረፊያ ሳይሰሙ የተኙት፣ እንደማይቀር ስላወቁ ነው።

አራት ቁጥር ክፍል ሰኞ በተለመደው ሰዓት ይከፈታል።

የትምህርት ቤቱ አስተዳደርና የመምህራን ጉባኤ