ሊቀመንበሩ አድርገውት የሄዱት ጫማ

በዳዳ፣

አልቀሰቀስኩህም፤ የካራው አውቶቡስ ሊያመልጠኝ ነው። ዳቦው ድስቱ ውስጥ አለ። የቪዲዮ ዴኩን ለጎረቤታችን ለሰዓዳ ዛሬውኑ መልስላት።

ትናንት የሳሙራዩን ፊልም ስናይ እንግዳውን ሁሉ «እንደ ጃፓኖች ጫማ አውልቃችሁ ግቡ» ያልከው አንተ ነህ። እኔ የካልሲውን ሽታ ችዬ አመሸሁ።

ፊልሙ ሳያልቅ ተኝተህ ስታንኮራፋ የቀበሌው ሊቀመንበር አዲሱን ጫማህን አድርገው ወጡ።

አይቻለሁ።

«በደህና ይግቡ ጓድ» ብዬ በሩን ከፈትኩላቸው። ይቅር በለኝ።

የእሳቸው ጫማ በሩ ጋ አለ፤ ግራው ተረከዝ የለውም።

ያንተን ከፈለግክ ሂድና ጠይቃቸው። እንቅልፍ እስኪወስድህ ድረስ «እኔ ብሆን ሰይፍ አልፈራም» ስትል ነበር።

ካልሆነም የእሳቸውን ጫማ ቀለም ቀብቼልሃለሁ።

ነጅመዲን