ሦስት ጊዜ ጮኾ ዝም ስላለው የቀበሌያችን ኮምፒውተር

ግንቦት 11 ቀን 2001 ዓ.ም.

ለክቡር አቶ ገብረሕይወት
የቀበሌያችን የቤቶች ክፍል ኃላፊ
ካዛንቺስ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ስለ ጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል እላለሁ። ደጅዎን የምንጠናው ሰዎች ጉልበታችን ቢዝልም፣ እርስዎ ከነወንበርዎ ደህና መሆንዎን በመስኮት አይቼ ተጽናንቻለሁ።

ደብዳቤዬን በግቢው በር ላይ የለጠፍሁት እርስዎን ለመዳፈር ሳይሆን፣ ለመግባት ተራዬ ስላልደረሰ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት የኖርሁበት የቀበሌ ቤት ለልማት ሊፈርስ ቀይ ቀለም ተቀብቷል። ምትክ ቤት ለማግኘት የነዋሪነት ማረጋገጫ ይዤ እስከ ዓርብ መመዝገብ አለብኝ። ማረጋገጫው የሚወጣው ከቢሮዎ ኮምፒውተር ነው፤ ኮምፒውተሩ ደግሞ አልነሳም ካለ ዛሬ ዘጠኝ ቀኑ ነው። ስለዚህ ይቅርታዎን እየለመንሁ ቅሬታዬን በተራ አቀርባለሁ።

፩ኛ. በቅድሚያ ለተደረገው ብርቱ ጥረት አመሰግናለሁ። በመጀመሪያው ቀን ጸሐፊዎ ወይዘሪት ሊዲያ ቁልፉን ስትጫን መብራቱ በራ፣ ማራገቢያው አጓራ፣ ሣጥኑ ሦስት ጊዜ ጮኸ፣ ስክሪኑ ግን እንደጨለመ ቀረ። ጥፋቱ የመብራቱ ነው ተባለና ሻይ ማፍያው ተነቅሎ ኮምፒውተሩ በእሱ ቦታ ተሰካ። በማግሥቱ ጎኑን በጥፊ ተመታ። በሦስተኛው ቀን ቫይረስ ይዞታል ተብሎ ዳንቴል ለብሶ እንዲያርፍ ተደረገ፤ እኛም እንዳይጋባብን ነው መሰለኝ፣ ከመስኮቱ ራቅ ብለን እንድንቆም ታዘዝን።

፪ኛ. ቡልጋሪያ በሚባለው ሰፈር ኮምፒውተር የሚጠግነው ጎረቤቴ አቶ መሐመድአሚን ለራሱ ማረጋገጫ ተሰልፎ ሳለ ጩኸቱን ሰማ። ሚሞሪ የሚባለው ስስ ቁራጭ ላልቶ ወይም ቆሽሾ እንደሚሆን፣ ነቅሎ በላጲስ ጠርጎ ቢመልሰው ሊነሳ እንደሚችል፣ ይህንንም በነጻ እንደሚሠራ በትሕትና ነገረዎት። እርስዎም የመንግሥት ንብረት በውጭ ሰው እጅ አይነካም ብለው መለሱት። ንብረታችንን ከላጲስ ስላዳኑልን ምስጋናችን የላቀ ነው። በጥፊ የመታው እጅ የውስጥ ሰው እጅ ስለነበረ ደንቡ አልተጣሰም።

፫ኛ. ስክሪኑ ከፍ እንዲል ከሥሩ የተነጠፈው ወፍራም መዝገብ የእኛ የነዋሪዎቹ መዝገብ ነው። ፊደል የቆጠርሁት በአርባ ዓመቴ ስለሆነ ንባቤ ዝግ ይላል፤ ዘጠኝ ቀን ስቆም ግን ጀርባው ላይ የተጻፈውን ደጋግሜ አነበብሁት። የቤት ቁጥር ከ301 እስከ 450 ይላል። የእኔ 412 ነው። አውጥታችሁ እዩልኝ ብዬ ብለምን፣ መረጃው ሁሉ ወደ ኮምፒውተር ስለገባ መዝገቡ ከእንግዲህ አያገለግልም ተባልሁ። አያገለግልም ማለት እንኳ ይከብዳል፤ ያን የሚያህል ዕቃ ተሸክሞ ሲያገለግል እያየሁት ነው። እኔ በዚያ መዝገብ ውስጥ ከሟች ባለቤቴና ከልጆቼ ጋር አለሁ። ከዓርብ በኋላ ግን የትም የለሁም።

፬ኛ. አራተኛው ስለ አግዳሚ ወንበር ነበር። ከላይ ያሉትን ሳያቸው አፍሬ ተውሁት።

የምለምንዎ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ወይ ላጲሱን ይፍቀዱ፣ ወይ ስክሪኑን ለአምስት ደቂቃ አውርደው መዝገቡን ይግለጡልኝ።

ለወንበርዎ ረጅም ዕድሜ፣ ለኮምፒውተርዎ ምሕረት፣ ለእኛም ከዓርብ በፊት አንድ ተጨማሪ ቀን እንዲሰጠን እየጸለይሁ፣

ቆሜ የማከብርዎ
ወ/ሮ ሀብትነሽ ረጋሳ
የቤት ቁጥር 412፣ ቤቱ እስካለ ድረስ

የተረሳ ነገር፦ ዛሬ ጠዋት እንደሰማሁት፣ ክፍለ ከተማው ባለሙያ የሚልከው በደብዳቤ ሲጠየቅ ነው፤ በእጅ የተጻፈ ደብዳቤ ለቢሮው ክብር ስለማይመጥን ደግሞ ኮምፒውተሩ ተነስቶ እስኪጽፈው እየተጠበቀ ነው። እንዳይቸገሩ ብዬ እኔው በእጄ ጽፌ ከዚህ ሥር አያይዤዋለሁ። የጎደለው የእርስዎ ፊርማ ብቻ ነው። እስክሪብቶም በሲባጎ አስሬበታለሁ፤ ይሠራል፣ ሞክሬዋለሁ።