የወለተጊዮርጊስ ስም ከቦታው የተነሣበት ነገር

ለውድ እናቴ ለወይዘሮ ሠርክአዲስ
ጅማ

እምዬ፣ እንዴት ከርመዋል? ጉልበትዎስ እንዴት ነው? የጅማ ዝናብ ቁርጥማቱን አባሰብዎት ወይስ ተላመዱት? የዓይንዎን ነገር ሐኪሙ ዘንድ ተመልሰው አሳዩት? እህቴ ያምሮት መድኃኒቱን በሰዓቱ ታደርግልዎታለች ብዬ አምናለሁ። እኔ በአካሌ ደህና ነኝ፤ እህል ይበላልኛል፣ እንቅልፍም ይወስደኛል። ከዚህ አልፌ ደህና ነኝ ብልዎት ግን እዋሽዎታለሁ።

በነጋዴው በቢሆነኝ በኩል የላኩት ቃል ደርሶኛል። «የወለተጊዮርጊስን መሬት ያስነጠቀው የልጅሽ ኮምፒውተር ነው ይሉኛል፤ እውነት ነው ወይ?» ብለዋል። እውነት ነው። ያምሮት ይህን ስታነብልዎት ስለኔ አዝና አንዱንም መስመር እንዳትዘለው ይንገሯት።

ፍኖተ ሰላም የገባሁበት ሥራ የገበሬውን የመሬት ይዞታ ከወረቀት ወደ ኮምፒውተር መገልበጥ እንደነበር ያውቃሉ። የመሥሪያ ቤቱን ስም አልጽፈውም፤ ይቀፈኛል። እያንዳንዱ ባለይዞታ ፋይሉ ውስጥ አንድ መስመር አለው። መስመሩ በሳጥን በሳጥን ይከፈላል፤ አንዱ የባል ስም፣ አንዱ በሰሜን የሚያዋስነው ሰው ስም፣ አንዱ የማሳው ስፋት፣ አንዱ የሚስት ስም እያለ ይሄዳል። መስከረም 1998 ከፋይሉ ታትሞ ለገበሬው የሚታደለው የይዞታ ደብተር ቅርጽ ተለወጠና፣ ከኋላ የነበረው የሚስት ስም ከባሏ አጠገብ እንዲመጣ፣ በዚያ ቦታ የነበረው አዋሳኝ ደግሞ ወደ ኋላ እንዲሄድ አድርግ ተባልኩ።

ፕሮግራሙን የምጽፈው ሲ በሚባል የኮምፒውተር ቋንቋ ነው። ሰው ሁሉን ነገር ከባዶ እንዳይጀምር ሌሎች ባለሙያዎች ጽፈው ያስቀመጡት የትእዛዝ ስብስብ አለ፤ ላይብረሪ ይሉታል። ከትእዛዞቹ አንዱ ሳጥንን ከቦታ ወደ ቦታ ያዛውራል። የሚያዛውረው ግን የሳጥኑን ርእስ ብቻ ነው። ውስጡ ያለውን ስም ለማዛወር ቀጥሎ ሌላ ትእዛዝ መጥራት ያስፈልጋል። አለዚያ የጤፉንና የዳጉሳውን ጎተራ ምልክት አቀያይሮ እህሉን ባለበት እንደመተው ይሆናል። ይህ መመሪያው ላይ በአንድ ዓረፍተ ነገር ተጽፏል፤ አንብቤውም ነበር። አለቃችን አቶ ክንፈሚካኤል ግን እንግዶች ሊመጡ ነው፣ ቶሎ በል እያሉ በራፌ ላይ ስለቆሙ፣ አንድም ስም ባልገባበት ባዶ ፋይል ላይ ሞከርኩትና ሠራ አልኩ። ሁለቱም ሳጥኖች እኩል ሠላሳ ፊደል የሚይዙ ስለነበሩ ታትሞ ሲወጣም ያማረ ነበር።

ኅዳር ላይ ከሺህ በላይ ደብተር በድንኳን ሥር በጭብጨባ ታደለ። ካነበቡት አንዳንዶቹ ከጎረቤቴ ጋር አጋቡኝ ብለው ገበያ ላይ ሳቁ። የእትዬ ወለተጊዮርጊስ ባል አዛናው ግን ደብተሩን ሳያይ መሞቱን ሰምተዋል። ቀበሌው ለሁለተኛው ባለይዞታ ሊሰጥ ሲያነብ፣ በሚስት ሳጥን ውስጥ የተገኘው የጎረቤቱ የገነነ ስም ነው። እትዬ ወለተጊዮርጊስ ከታች በሰሜን አዋሳኝ ተብለው ተጽፈዋል። ገነነ ስህተት ነው አላለም። ደብተሩን ተቀብሎ ጥር ላይ በሬውን ጠምዶ ማሳቸው ውስጥ ገባ።

የካቲት ላይ እትዬ ወለተጊዮርጊስ ከቋሪት ተነሥተው መጡና በመስኮቴ ቆሙ። እርስዎ ወደ ጅማ ሳይሄዱ የማኅበር ጓደኛዎ ነበሩና ወዲያው አወቁኝ። «ልጄ፣ እኔ የአዛናው ሚስት ነኝ እንጂ የአዛናው ድንበር አይደለሁም» አሉኝ። አልጮኹም። ፋይሉን ከፈትኩ፤ ስህተቱን ለማግኘት ሩብ ሰዓት አልፈጀብኝም። በፍሎፒ ካስቀመጥኩት አሮጌ ቅጂ ተነሥቼ፣ የዘለልኩትን ትእዛዝ ጨምሬ፣ ሁሉን አስተካክዬ ወደ አቶ ክንፈሚካኤል ገባሁ። በሩን ዘጉ። «ሌላ ሰው አይቶታል?» አሉ። አላየውም አልኩ። «እንግዲያው አንተም አላየኸውም» አሉና ለደብተሩ ሥራ ተሰጥቷቸው ከራስጌያቸው የሰቀሉትን የምስጋና ወረቀት በጣታቸው አሳዩኝ። የሴትዮዋ አቤቱታ «በማስረጃ ያልተደገፈ» ተብሎ እንዲመለስ ጻፉ። መዝገቡን ያየሁት ባለሙያ እኔ ስለሆንኩ እንድፈርም ሰጡኝ።

ፈረምኩ፣ እምዬ። እንጀራዬን ፈርቼ ፈረምኩ። ወረቀቱን በመስኮት ስሰጣቸው ፊታቸውን አላየሁም።

ሚያዝያ ላይ አቶ ክንፈሚካኤል ሠራተኛውን ጠርተው ነጭ ማር አቀረቡ። ማሰሮው ጠረጴዛቸው ላይ ሆኖ ሁሉም በማንኪያ ይጨልፋል። እኔም ሁለቴ ጨለፍኩ፤ ጥሩ ማር ነበር። ከየት መጣ ስላቸው «ገነነ የሚባል የቋሪት ገበሬ ነው ያመጣው፤ ምስጋና የሚያውቅ ሰው ነው» አሉ፣ ከጢማቸው ላይ የቀረውን በጣታቸው እየጠረጉና እየላሱ። ከግቢው ጀርባ ሄጄ አስመለስኩ። የተጸየፍኩት እሳቸውን ብቻ አይደለም። ማሩ የመጣው ለኔም ፊርማ ነው።

በማግስቱ አሮጌውንና አዲሱን ፋይል ጎን ለጎን አትሜ፣ እትዬ ወለተጊዮርጊስ ክስ ወደ መሠረቱበት ወደ ቋሪት ወረዳ ፍርድ ቤት፣ ገበዘ ማርያም ከተማ ወጣሁ። ዳኛው ይህን ያጠፋው ማን ነው ብለው ጠየቁ። ስሞቹን ያፋለስኩት እኔ ነኝ፣ እያወቅሁ የፈረምኩትም እኔ ነኝ፣ ዝም በል ያሉኝ አቶ ክንፈሚካኤል ናቸው አልኩ። እሳቸው ቀርበው እንዲህ ያለ ቃል አልወጣኝም ብለው ማሉ። ገነነ ደግሞ «ኮምፒውተር የጻፈውን እኔ ልሰርዘው ኖሯል?» አለ። ፊቱ ላይ የዕፍረት ምልክት አልነበረም።

ነሐሴ ላይ ተፈረደ። መሬቱ ለባለይዞታዋ ተመለሰ፤ የታደለው ደብተር ሁሉ ተሰብስቦ እንደገና እንዲታተም ታዘዘ። የዘር ጊዜው ግን አልፎ ስለነበር እትዬ ወለተጊዮርጊስ ዘንድሮ አንድ እፍኝ ገብስ አልዘሩም። እኔ በቸልተኝነት ተባረርኩ፤ እውነት ስለሆነ አልተከራከርኩም። አቶ ክንፈሚካኤል «ስህተቱን ያገኘሁት እኔ ነኝ» ብለው ሪፖርት ጽፈው ሌላ የምስጋና ወረቀት ተቀበሉ። ይህን ስጽፍልዎት ምራቄ ይመረኛል። አሁን ቡሬ፣ የነቀምት ሚኒባስ ከሚቆምበት አጠገብ፣ ለሰው ማመልከቻ እየጻፍኩ እኖራለሁ።

ጥቅምት ላይ አዲሱን ደብተር ሲቀበሉ ሄጄ ነበር። ይቅርታ ልጠይቅ ብዙ ቃል አዘጋጅቼ ነበር፤ እሳቸው ግን አላስጀመሩኝም። ደብተሩን ዘርግተው «ስሜ የቱ ጋ ነው?» አሉ። አሳየኋቸው። «አንብበው» አሉ፤ አነበብኩ። «ድገመው» አሉ፤ ደገምኩ። በሦስተኛው አብረውኝ አሉት። ከዚያ ደብተሩን በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው፣ ሳይመርቁኝም ሳይረግሙኝም መንገዳቸውን ሄዱ። እርስዎም ስለኔ ብለው የምልጃ ቃል እንዳይልኩባቸው አደራ። የሚሉኝ ነገር ካለ፣ ሲፈልጉ ራሳቸው ይሉኛል።

ለያምሮት፣ ድካምሽን እግዚአብሔር ይቁጠርልሽ ይበሉልኝ። ለባሏ ለዳኘው፣ የእናቴን ክብር ስለጠበቅህ አመሰግንሃለሁ ይበሉልኝ። ልጃቸውን ሄቨንን ሁለቱንም ጉንጯን ይሳሙልኝ። እርስዎን እግርዎን ስሜ እሰናበታለሁ።

ልጅዎ አንዷለም

ቡሬ፣ ኅዳር 14 ቀን 1999 ዓ.ም.