ጠርዙ ቀይ የሆነው ትሪሽ

አስኒዬ፣ የቤቴ ሰው፣

ስንለያይ ሰሊጡ ገና እየተዘራ ነበር፤ አሁን አጨዳው ደርሷል። ሸሕዲ ከደጋ በወረዱ የቀን ሠራተኞች ተጨናንቃለች፤ እኔም ውዬ የምገባው ከትራክተር ሥር ነው። ልጃችን ደህና ናት። ፀጉሯን እኔ ስነካው ስለምታለቅስ ጎረቤት ይሠሩላታል። ስትነዘንዢኝ የነበረው በርም ተጠግኗል።

የምጽፍልሽ ግን ተናድጄ ነው። ለማን ልናገር? እዚህ ያለው ሰው ሁሉ ሐዘኑ አናቱ ላይ ወጥቶበታል ብሎ ዘግቶኛል።

ነገሩ የትሪሽ ነው። ያ ከሌላው ዕቃ እንዲለይ ጠርዙን በቀይ የጥፍር ቀለም የቀባሽው፣ ሙቀት ያፈነዳቸውን የካላዛር በሽታ እንክብሎች በጓንት ትለዪበት የነበረው የመድኃኒት ክፍሉ ትሪ። የሥራ ባልደረቦችሽ በተዝካርሽ ዕለት በኦሞ አጥበው፣ አብለጭልጨው ይዘውት መጡ። የምትወደው ዕቃዋ ነው፣ ቤቷ ይቀመጥላት ብለው ነው፤ ክፋት የላቸውም። ክፋት ቢኖራቸው ይቀለኝ ነበር። ለሰው ማቅረቢያ ሲያጥር ጓዳ የነበሩት ሴቶች ድፎ ዳቦ ቆርሰው ሞሉበት። ይዛው የወጣችው ደግሞ እህትሽ ሙሉ ናት፤ ስንት ዓመት ተስላ ያረገዘችው ሙሉ።

ከእጇ ነጠቅኋት። ዳቦው ዳሱ ውስጥ መሬት ላይ ተበተነ፤ ካህናቱ ፊት፣ እናትሽ ፊት፣ ያንቺን ተዝካር ዳቦ። ላስረዳ ሞከርኩ። ታማሚውን የሚያድነው ይኸው መድኃኒት ለጽንስ አደገኛ እንደሆነ፣ ዱቄቱ በዓይን እንደማይታይ፣ አንቺ ራስሽ ልጃችንን ስታረግዢ የካላዛሩን መድኃኒት መደርደሪያ ለሌላ ሰው እንዳስረከብሽ ነገርኳቸው። ማን ይስማኝ? ታጥቧል እኮ ይሉኛል። ታጥቦ ይሆናል። አንቺ ግን ይሆናል የሚባል ነገር አትወጂም ነበር። ከሥራ ስትመጪ ልጅቷ እየሮጠች ስትመጣብሽ እጅሽን ወደ ላይ ሰቅለሽ፣ በክርንሽ ገፋ አድርገሻት፣ መጀመሪያ ወደ ውኃው ትሄጂ ነበር። እኔ ግሪስ በነካው እጄ ገበታ ስቀርብ ደግሞ ያንተስ ቢያንስ ይታያል እያልሽ ትስቂብኝ ነበር።

ሙሉ እስካሁን አኩርፋኛለች። እናትሽም ሰላምታዬን በግንባራቸው ብቻ ነው የሚመልሱት።

ትሪውን ለራሴ ላስቀረው አስቤ ነበር፤ ከሥራሽ የቀረኝ እሱ ብቻ ነው። አልጋ ሥር ደበቅሁት። ልጃችን ቀዩን ጠርዝ አይታ ዕቃቃ ልትጫወትበት ጎትታ አወጣችው። እሷን ወደ ውኃው፣ ትሪውን ወደ መድኃኒት ክፍሉ ወሰድኩ። አንቺን የተካችው ልጅ የፈነዳውን እንክብል ሌላው ክኒን በሚቆጠርበት ሳህን ላይ፣ በባዶ እጇ ስትለይ አገኘኋት። ጓንት የለም ወይ ስላት ያልተከፈተ ሙሉ ሳጥን አሳየችኝ፤ በዚህ ሙቀት እጇን እንደሚያልባት ነገረችኝ። አስኒ፣ ያን ጊዜ ሌላ ሞት የሞትሽ መሰለኝ። ስንት ዓመት የለፋሽበት ነገር አንድ ክረምት አልተሻገረም።

ልጮህባት አፌን ከፍቼ ነበር፤ ተውኩት። ጋራዥ ሄጄ መሰርሰሪያዬን አመጣሁ። ከዚያ ሳጥን ጓንት አውጥቼ አጠለቅሁ፣ የትሪሽን ጠርዝ በስቼ ከካላዛሩ መደርደሪያ ጋር በብሎን አሰርኩት። ይህን አይታ ልጅቷም ጓንት አጠለቀች። ከእንግዲህ ማንም ዳቦ አይቆርስበትም። እኔም ቤት አልወስደውም።

ያ ብሎን አይላላም። መደርደሪያ እንደ ትራክተር አይንቀጠቀጥም፤ ይህን አጥቼው አይደለም። ቢሆንም መፍቻዬን ይዤ እየሄድኩ አጠብቀዋለሁ። ስመለስ ልጃችን እየሮጠች ትመጣለች። እጄን ወደ ላይ ሰቅዬ፣ በክርኔ ገፋ አድርጌያት፣ መጀመሪያ ወደ ውኃው እሄዳለሁ። ላንቺ የምገባልሽ ቃል ይኸው ነው።

ባለቤትሽ