የቅዳሜ ሰዎች

ጥቅምት 16፣ ቅዳሜ

ዛሬም ልብሱ አልደረቀም። ከትናንት ወዲያ ያጠብኩት ነው... ጠዋት ፀሐይ ብቅ ስትል ገመድ ላይ አሰጣዋለሁ፣ ከሰዓት ዝናቡ ሲመጣ ሮጬ እሰበስባለሁ። የባሌ የአሞጽ ሸሚዝ ሽታ አምጥቷል። እንደገና ዘፈዘፍኩት።

ጋሽ ሙሴ በረንዳ ላይ ናቸው። የአሞጽ አባት። ስትሮክ ከመታቸው ወዲህ ቀኝ እጃቸው አይታዘዝም፣ ንግግራቸውም በደንብ አይሰማም። እሳቸውን ለማየት ብለን ነው ከናይሮቢ ሚዛን ከተማ የመጣነው። ለአንድ ወር ተብሎ። ወሩ አለቀ... ስለ መመለስ የሚያነሳ የለም። እኔም አላነሳሁም። በሽተኛ ፊት እንዴት ይነሳል?

ቅዳሜ ነው። እዚያ ብንሆን ዛሬ ተራው የኛ ነበር። ሰባት ዓመት ሙሉ ቅዳሜ ከሰዓት አንዳችን ቤት እንሰበሰባለን። ሀይደርና ሚስቱ ኢክላስ፣ ባስልኤል፣ እኔና አሞጽ። ሀይደር የአሞጽ የትምህርት ቤት ጓደኛ ነው፤ አባቱ እዚሁ ሚዛን ገበያ ሱቅ አላቸው። ሥጋውን ሁልጊዜ እሱ ነው ከኢስሊ ገበያ የሚገዛው፣ የሙስሊም እንዲሆን። ባስልኤል ሚስት የለውም። ለስላሳ ይዞ ይመጣል፣ ማታውን ሙሉ ይቀለድበታል። ከዚያ የሉዶ ጨዋታ... ከዚያ ወሬ፣ ማታቱ፣ የናይሮቢው ታክሲ፣ እስኪጠፋ ድረስ።

አሁን ምን እየበሉ ይሆን?

ጥቅምት 20

እንግዳ መጣ። እማማ ንጋቷ፣ የአሞጽ እናት፣ ለመጣው ሁሉ አንድ ነገር ነው የሚሉት፤ «ልጆቼ ናቸው፣ ከናይሮቢ የመጡት።» ከዚያ ወሬው በቤንችኛ ይቀጥላል። እኔ የወልቂጤ ልጅ ነኝ፤ ከሰላምታ ሌላ አልሰማም። ሲስቁ እስቃለሁ፣ ሁልጊዜ ትንሽ ዘግይቼ። መጀመሪያ ሰሞን አሞጽ ጠጋ ብሎ ይተረጉምልኝ ነበር። አሁን ይረሳዋል። ምን አሉ ስለው፣ ተራ ወሬ ነው ይለኛል። ተራ ወሬ እንዲህ ያስቃል?

ክፋት የለባቸውም። ጥሩ ጥሩውን ጎደሬ ለኔ ነው የሚያነሱት። ወንበር ሲመጣ መጀመሪያ ለኔ። ብቻዬን ገበያ ልውረድ ስል ደግሞ አንድ ሰው አብሮኝ ይላካል፣ እንዳልጠፋ። ናይሮቢን በማታቱ ስዞራት የኖርኩ ሴት... ሚዛን ላይ ወዴት ነው የምጠፋው?

ጥቅምት 30፣ ቅዳሜ

የናይሮቢዎቹ በቪዲዮ ደወሉ። ቤት ውስጥ ኔትወርክ ስለሚቆራረጥ ወጥቼ አስፋልቱ ዳር ቆሜ አናገርኳቸው። ባስልኤል ቤት ናቸው። ስልኩን ተቀባበሉት። ባስልኤል ድስቱን ከፍቶ አሳየኝ፣ ሩዙ አሮበታል። ኢክላስ ካንቺ ወዲህ ፀጉሬን ሰው አልነካውም አለችኝ። ሳቅኩ። የሳቅኩትም በሰዓቱ ነው፣ ከነሱ እኩል።

የምሠራበት ፀጉር ቤት ባለቤትም መልእክት ልካለች። ወንበሬን እስከ ፈረንጆቹ ገና ትይዝልኛለች፣ ከዚያ በኋላ ለሌላ ሴት ትሰጠዋለች። አልፈርድባትም። ደንበኛ ይጠብቃታል።

ለአሞጽ ነገርኩት። እናያለን አለ። ምኑን ነው የምናየው?

ኅዳር 9

ሸዋ ቤንች ወረዳ ሄድን፣ ወደ ጋሽ ሙሴ የቡና ማሳ። ቡናው ቀልቷል። ለቃሚዎቹ ከማለዳ ጀምረዋል። እኔም ቅርጫት ወገቤ ላይ አስሬ ገባሁ። ጭቃው ጫማዬን ከእግሬ አወለቀው። ጣቶቼ ተጣበቁ፣ ጉንዳን ክንዴን ጨረሰው። ቀስ በይ፣ አረንጓዴውን ተይው ይሉኛል፣ እየሳቁ። ደግ ሳቅ ነው።

አሞጽን እያየሁት ነበር። እጅጌውን ጠቅልሎ፣ ቅርንጫፉን ጎንበስ እያደረገ፣ ከለቃሚዎቹ ጋር ሲቀልድ። ድምፁ ራሱ ሌላ ነው። ወፍሯል። ናይሮቢ ውስጥ እንዲህ ከሩቅ ተጣርቶ ሲያወራ ሰምቼው አላውቅም። ደስ ሊለኝ ይገባል። ደስም ብሎኛል... ግን ፈራሁ።

ስንመለስ ባጃጅ ውስጥ መቼ ነው የምንሄደው አልኩት። ለቀማው ይለቅ አለ። ከዚያስ ስለው ሾፌሩን ስለ መንገዱ ጠየቀው፣ በቤንችኛ።

ኅዳር 13

ዝናብ። ከቤት አልወጣሁም።

ኅዳር 21፣ ቅዳሜ

ዛሬ ያየሁትን ልጻፍ።

ከሰዓት ኢክላስ በቪዲዮ ደወለች። ተራው የነሱ ቤት ነው። ሀይደር ስልኩን ሲቀበላት ሳሎኑ ዞር ብሎ ታየኝ። ሶፋው... የኔ ሶፋ። አረንጓዴው፣ መደገፊያው ላይ በካውያ ያቃጠልኩት። ባስልኤል ተጋድሞበታል። ከኋላው መጋረጃዬ ተሰቅሏል።

ለኢክላስ ስጣት አልኩት።

«ኢክላስ፣ ያ ሶፋ የማነው?»

ፊቷ ተለወጠ። «ወሰኔ... ያንቺ ነው እኮ። አሞጽ ቤቱን ለአከራዩ መልሱልኝ፣ ዕቃውን ተከፋፈሉት ብሎ ለሀይደር ነገረው። ተነጋግራችሁ የወሰናችሁት መስሎኝ...»

መቼ አልኳት። ያለፈው ሳምንት ነው አለች። አታውቂም ነበር እንዴ አለችኝ።

አውቃለሁ አልኩ። ለምን ዋሸሁ? አፈርኩ መሰለኝ። ባሏ ሳይነግራት ቤቷን ያፈረሰባት ሴት በመሆኔ አፈርኩ። ኔትወርክ ነው ብዬ ዘጋሁት።

ድስቶቼ ማን ጋ ደረሱ? አልጋዬስ? ሰው ሳይሞት ቤት ተከፋፈሉ።

ኅዳር 22

ጠዋት ጓሮ ያዝኩት፣ ቡናው የተሰጣበት አልጋ ጋ። በእጁ እያገላበጠ ነበር። ሳናግረውም ማገላበጡን አልተወም። ልነግርሽ ነበር አለ። ጥሩ ቀን እየጠበቅኩ ነበር አለ። አባቱ አይድኑም፣ እናቱ ብቻቸውን ናቸው፣ ማሳው ሰው ይፈልጋል... ሁሉንም አውቃለሁ። ቢያማክረኝ እሰማው ነበር።

«ቤቴን ነው ያፈረስከው» አልኩት። «ሳትጠይቀኝ።»

«ብጠይቅሽ እንቢ ትይኛለሽ።»

«እና?»

ያኔ ቀና አለ። «ወሰን፣ አንቺ ናይሮቢ ሲባል ቅዳሜ ነው የሚታይሽ። እኔ ሌላው ቀን ነው የሚታየኝ። መጋዘን ውስጥ ካርቶን ስሸከም። ፖሊስ ሰው መሃል አስቁሞ ወረቀትህን አምጣ ሲለኝ። ሳምንቱን ሙሉ አንገቴን ደፍቼ ቅዳሜ ከሰዓት ብቻ ነበር ሰው የምሆነው። እዚህ ማክሰኞም ሰው ነኝ።»

ይህን ሁሉ ጊዜ አብሮኝ ሲኖር አንድም ቀን አልነገረኝም። ሉዶ ሲጫወት፣ ሲስቅ አየዋለሁ፣ ደስ ብሎታል ብዬ አልፋለሁ። ቀን ምን እንደዋለ ጠይቄው አውቃለሁ? ደህና ዋልክ ብቻ...

እኔስ? እኔ ደግሞ ሰው የሆንኩት እዚያ ነው። ሴቶች ስሜን ጠርተው ወሰን ትሥራኝ ብለው ተራ የሚጠብቁበት ወንበር ነበረኝ። እዚህ የአሞጽ ሚስት ነኝ፣ ከናይሮቢ የመጣችው። ይህን ልነግረው ፈለግኩ። ግን ጎንበስ ብሎ ቡናውን ማገላበጥ ጀምሮ ነበር።

ኅዳር 25

በቤቱ ውስጥ ሰላም ነን። ጨው አቀብለኝ። እንኪ። እማማ ንጋቷ ደስ ብሏቸዋል። አሞጽ ልንቀር መሆኑን ለሳቸው ቀድሞ ነግሯቸው ነበር ለካ። ጎረቤቱም ያውቃል። ያላወቅኩት እኔ ነኝ... እኔ ፊት ሲያወሩት የነበረው እሱን ይሆን? ያ ሁሉ ተራ ወሬ?

ኅዳር 29፣ እሑድ

ጸሎት ቤት። ወደ ማብቂያው ላይ መጋቢው ስማችንን ጠሩ። ወንድማችን አሞጽና ባለቤቱ ከስደት ለዘለቄታው ወደ ቤታቸው ስለተመለሱ ጌታን እናመስግን አሉ። ቁሙ ተባልን። አሞጽ ቆመ። እማማ ንጋቷ እያለቀሱ ክንዴን ያዙኝ። ቆምኩ። ምን ላድርግ? ሰው ሁሉ እልል አለ። መዘምራኑ ጀመሩ። እያጨበጨብኩ በሩን አየሁት። ወለል ብሎ ተከፍቷል። ማንም አልቆመበትም። እኔ ግን ማጨብጨቤን ቀጠልኩ።

ከዚያ ሲወጡ ሴቶቹ ሁሉ አቀፉኝ። እንኳን ወደ ቤትሽ መጣሽ። አሜን፣ አሜን እያልኩ።

ቤት ስንደርስ እማማ በጓሮ በኩል አንድ ክፍል ሊቀጥሉልን እንዳሰቡ ነገሩኝ። አናጢ ተነግሮታል። መስኮቱን በየት በኩል ትወጃለሽ አሉኝ። በመንገዱ በኩል አልኳቸው።

ታኅሣሥ 5፣ ቅዳሜ

ኢክላስ ደወለች። አላነሳሁም።

የጋሽ ሙሴ ፀጉር አድጎ አንገታቸውን ሸፍኗል። መቀሴን ከሻንጣ አወጣሁ። ከመጣሁ ጀምሮ ነክቼው አላውቅም። በረንዳው ላይ አንገታቸው ላይ ጨርቅ አሰርኩላቸውና ጀመርኩ። እጄ አልረሳም። ራሳቸውን በአንድ እጄ ደገፍ አድርጌ፣ ከጆሮ ኋላ፣ ቀስ እያልኩ። ዓይናቸውን ጨፍነው ነበር።

መሃል ላይ አንድ ነገር ተናገሩ። አልሰማሁም። ደገሙት። «ማን... አሰረ...» ጨርቁ የጠበቀባቸው መስሎኝ ፈታሁት። ራሳቸውን ወዘወዙ። ደህና የሆነውን እጃቸውን አንስተው ወደኔ ጠቆሙ።

«አንቺን» አሉ። «ማን አሰረሽ?»

በአማርኛ። ያንን ሁሉ ታግለው ያወጡት ለኔ ብለው ነው።

ጨርቁን መልሼ አሰርኩና ከርክሜ ጨረስኩ። ትከሻቸውን አራገፍኩ።

አሁን ብቻዬን ተቀምጬ አስባለሁ። ፓስፖርቴ ሻንጣዬ ውስጥ ነው። ባጃጅ በራችን ላይ ሲመላለስ ይውላል። አሞጽ በር አልቆለፈብኝም። እማማም አልከለከሉኝም። ታዲያ ማነው? ክፉ ሴት ናት እንዳይሉኝ ነው? ለሰው ደግ ለመባል ዕድሜዬን ልሰጥ ነው?

ታኅሣሥ 8

አናጢው ዛሬ መጣ። የመጀመሪያውን ቋሚ ሲያቆም አሞጽን ወደ ጥግ ወስጄ ነገርኩት። ሐሙስ እሄዳለሁ አልኩት። ይቆጣል ብዬ ነበር። አልተቆጣም። ቢቆጣ ይቀለኝ ነበር።

«ትተሽኝ ነው?»

«አንተ ሳትነግረኝ ቀረህ። እኔ ነግሬህ እየሄድኩ ነው።»

«ትመለሻለሽ?»

«አላውቅም፣ አሞጽ። አንተስ ትመጣለህ?»

«አላውቅም።»

ከዚያ አጠገብ ለአጠገብ ቆመን አናጢውን አየነው። ሥራህን አቁም ያለው የለም። ከወራት ወዲህ እውነት የተነጋገርነው ዛሬ ነው። እጁን ልይዘው ፈልጌ ነበር... ከያዝኩት አልሄድም ብዬ ፈራሁ።

እማማ ንጋቷ ቀኑን ሙሉ አላናገሩኝም። ወደ ማታ በትንሽ ጀሪካን ማር ሞልተው፣ ክዳኑን በፌስታል ጠቅልለው ሻንጣዬ አጠገብ አስቀመጡ። ለጓደኞችሽ ነው አሉ። ጀሪካኑን ልብሶቼ መሃል ከተትኩት።

ታኅሣሥ 10

ጅማ። ሆቴል። አሞጽ መናኸሪያ ድረስ ሸኘኝ። አውቶቡሱ እስኪንቀሳቀስ ቆሞ ነበር፣ እጁን ኪሱ ከቶ። ጸጸት ነው ይሄ የሚሰማኝ? አይደለም... ፍርሃት ነው። ብቻዬን ይህን ያህል መንገድ ሄጄ አላውቅም።

ታኅሣሥ 14

ናይሮቢ ገባሁ። ወንበሬ ይጠብቀኝ ነበር። ከፀጉር ቤቱ ልጆች አንዷ ጋር አንድ ክፍል እንካፈላለን፤ ኬንያዊት ናት፣ ስትተኛ ታንኮራፋለች። የድሮ ቤታችንን በማታቱ መስኮት አለፍኩት። አልወረድኩም።

ታኅሣሥ 19፣ ቅዳሜ

ዛሬ ኢክላስ ቤት ሄድኩ። በሩ ላይ አቅፋ አለቀሰች። አረንጓዴው ሶፋ ላይ እንግዳ ሆኜ ተቀመጥኩ። ሀይደር አሞጽ እንዴት ነው አለ። ባስልኤልም ጠየቀኝ። ሀይደር ቆይቶ እንደገና ጠየቀ። ከዚያ እንደ ታላቅ ወንድም ሆኖ ባሌን በችግሩ ሰዓት ጥዬ መምጣቴ እንዳሳዘነው ነገረኝ፤ ሚዛን ያሉት ቤተሰቦቹ ሲጠይቁት ምን እንደሚል ግራ ገብቶታል። ባስልኤል መሬት መሬቱን አየ። ቀልድም አልነበረውም። ሉዶው ተዘረጋ፣ ሁለቱ ብቻ ተጫወቱ። ነይ ግቢ ያለኝ የለም።

ከጎኔ ሆኖ የሚያወራኝ ባል ስለሌለ ነው መሰለኝ፣ ዛሬ ኢክላስን አየኋት። ከመጣሁ ጀምሮ አልተቀመጠችም። ሩዝ፣ ሳህን፣ ሻይ፣ ደግሞ ሻይ። ሁልጊዜም እንዲህ ነበረች? እኔስ ተራዬ ሲደርስ እንዲህ ነበርኩ? ትዝ አይለኝም። ሳቁ ብቻ ነው ትዝ የሚለኝ።

ገና ሳይመሽ ተነሳሁ። ኢክላስ ልሸኝሽ ብላ ሻርፗን ለበሰች። ሀይደር ቶሎ ተመለሽ አላት። ደረጃውን ወረድን። ማዞሪያው ጋ ስንደርስ ቆመች።

«ወሰኔ... እንዴት አድርገሽ ነው የወጣሽው?»

«ሐሙስ እሄዳለሁ አልኩ። ሐሙስ ሄድኩ።»

«በቃ?»

«በቃ። እየፈራሁ ነበር።»

ሌላ ነገር የምትጠይቀኝ መስሎኝ ጠበቅኳት። ስልኳ ጠራ። ሀይደር ነው። ትንሽ አየችውና ሳታነሳው ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ወደ ቤት አልዞረችም። መንገዱን አብረን ተሻገርን፣ ማታቱ የምይዝበትን አልፈን በእግር ቀጠልን። የት እንደምንሄድ አልጠየቀችኝም፣ እኔም አላውቅም ነበር። ስልኩ ቦርሳዋ ውስጥ ሲጠራ ይሰማናል። አልቆምንም።